ጠዋት ጠዋት የሚጠፋው ቁጥር

«ያንቺ ነገር ጠዋት ጠዋት ቁጥር ይበላል» አለችኝ አክስቴ።

የስልክ መተግበሪያውን የሠራሁት እኔ ነኝና ደሜ ፈላ። የስኳር ሕመምተኛ የተወጋውን የኢንሱሊን መጠን ይጽፋል፣ «መዝግብ» የሚለውን ይነካል፣ አለቀ። በራሴ ስልክ መቶ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፤ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

«እትዬ፣ ሳትጽፊው ቀርተሽ ይሆናል።»

«ጃጅተሻል በይኛ! ታዲያ ማታ ማታ ለምን አይጠፋም?»

እውነቷን ነው፤ ስልክ ጠዋትና ማታ አይለይም። ነገሩ ከነከነኝ። ደግሞም ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ስኳሯ ወርዶ ራሷን ስታለች፤ ሁለቴም ጠዋት። ሐኪሙ «ምግብ ዘለዋል» ቢላት «በልቻለሁ» ብላ ድርቅ አለች።

በማግስቱ በማለዳ ሄጄ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ስልኩ ላይ «12» ብላ ጻፈች። «መዝግብ»ን ግን አልነካችውም።

«ለምን አትነኪውም?»

«ሳልወጋ ተወጋሁ ብዬ ልዋሽ?»

ስልኩን በጎኑ አጋድማ የጨው ጣሳው ላይ አስደገፈችና ተወጋች። ወተቱ ሊገነፍል ሲል ሮጣ አወረደች፤ ከባሏ ጋር ስለጠፋ ካልሲ ተጨቃጨቀች። ተመልሳ ስልኩን ስታነሳ ቁጥሩ የለም።

«አልተወጋሁም እንዴ?» አለችና ሌላ መርፌ አወጣች።

እጇን አፈፍ አድርጌ ያዝኩ። «አሁን ተወጋሽ እኮ!»

«ባዶ ነዋ! የራሴን ጭንቅላት ማመን ካቆምኩ ቆየሁ። እኔ የማምነው ያንቺን ነው።»

ክው አልኩ። ስልክ ሲጋደም የሚታየው ገጽ አብሮ ለመዞር ይፈርስና እንደ አዲስ ይሠራል። ከመፍረሱ በፊት የተጻፈውን ማኅደረ ትውስታው ውስጥ እንዲያቆይ ማዘዝ የእኔ ሥራ ነበር፤ አላዘዝኩትም። ማታ ማታ ባሏ ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይይዝላታል። እኔ ደግሞ ተኝቼ ማንበብ ስለምወድ፣ ስልኬ ሲጋደም ገጹ እንዳይዞር የቆለፍኩት ገና የገዛሁት ቀን ነው። ደግማ እንድትወጋ አድርጌ አክስቴን ሁለት ጊዜ የጣልኳት እኔ ነኝ። አፈርኩ።

ሁሉንም ነገርኳት። አልተቆጣችም።

«ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ያምነዋል?»

«ሰማንያ አራት።»

«ታዲያ ምን ይጎልትሻል? ደውዪ እንጂ፣ የመወጊያ ሰዓት ነው!»

ስልክ ቁጥራቸው ነበረኝ። የመጀመሪያው ሰውዬ ወዲያው አነሱ።

«አንዴ ቆዪኝ ልጄ፤ መርፌ ይዣለሁ። መወጋቴን ስልኩ ላይ አይቼ ልምጣ።»

«አይመኑት!» ብዬ ጮኽኩ። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አይመኑት!»