ከግራ ጆሮው ጀርባ

እናትየው በጨርቅ ፋብሪካ ጉድለት መርማሪ ናት። ጨርቁ በመብራት ጠረጴዛ ላይ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር ወይም የዘይት ነጠብጣብ ካየች በጠመኔ ክብ ታሰምርበታለች። የሁለት ዓመት ልጇን ቆዳም የምታየው እንደዚያው ነው። ችፌው በሦስት ወሩ ጉንጩ ላይ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ክርኑ እጥፋትና ወደ ጉልበቱ ጀርባ ወረደ። በስምንት ወሩ እንቁላል ቀመሰና ፊቱ አበጠ። ከዚያ ወዲህ እንቁላል ቤታቸው ገብቶ አያውቅም።

አባትየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ነበር ማለት ይቀላል፤ የሕፃናት ማቆያው በእንቁላሉ ምክንያት ልጁን አልቀበልም ስላለ ስምንት ወር ቤት ውሏል። አለቃው እስከ ሰኞ እንደሚጠብቀው ነግሮታል። ልጁ ዛሬ ሆስፒታል የሚደረግለትን የእንቁላል ምርመራ ካለፈ ማቆያው ይቀበለዋል፣ እሱም ሥራው ይመለሳል።

የምርመራው ክፍል ጠባብና ሞቃት ነበር። ሲስተሯ አሠራሩን አስረዳቻቸው። የተቀቀለ እንቁላል በተፈጨ ድንች ተለውሶ፣ መጀመሪያ አተር የምታህል፣ ከዚያ በየሃያ ደቂቃው እየጨመረ፣ በስድስተኛው ማንኪያ አንድ እንቁላል ይሞላል። በየመሐሉ ቆዳውንና ትንፋሹን ታያለች፤ ምልክት ከታየ ይቆማል።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ እዚህ ነው» አለ አባትየው። ሲስተሯ ሳቀችለት። በቀን ስንቴ እንደምትሰማው አልነገረችውም።

የማሳከክ ማስታገሻው ሽሮፕ ምልክት ስለሚሸፍን ከአምስት ቀን በፊት አቁመውለት ነበር። ልጁ እየተቧጠጠ ነው የመጣው። ስለዚህ እናትየው ጠዋት ልብሱን አውልቃ በሰውነቱ ላይ ያለውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ጽፋለች። አንገቱ ላይ ሁለት ጭረት፣ ቀኝ ክርኑ ላይ የደረቀ ቁስል። ከጆሮው ጀርባ ምንም የለም።

አንደኛውና ሁለተኛው ማንኪያ በሰላም አለፉ። ከሦስተኛው በኋላ ከፋብሪካው ተደወለላትና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ስትመለስ ልጁ ወደ አባቱ ሌላኛው ትከሻ ተዛውሯል፤ የሱፍ ኮፍያውም እስከ አንገቱ ወርዷል።

«በዚህ ሙቀት ኮፍያ?»

«ሻለቃው እንቅልፍ አምሮታል። ተይው» አለ አባትየው የልጁን ጀርባ መታ መታ እያደረገ።

ሲስተሯ ሆዱንና ጀርባውን ገልጣ አየች፤ ንጹሕ ነበር። ጉንጩን ወደ አባቱ ትከሻ ስለደበቀ ኮፍያውን አልነካችውም። አራተኛው ማንኪያ ተሰጠ።

ሩብ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ልጁ ኮፍያውን መጎተት ጀመረ። እናትየው አወለቀችለት። ከግራ ጆሮው ጀርባ ሦስት እብጠቶች ነበሩ። በጣቷ ዳሰሰቻቸው። ችፌ ሻካራ ነው፣ ዳሩ አይለይም። እነዚህ ለስላሳ ናቸው፤ መሐላቸው ነጣ ብሎ ዳራቸው ቀልቷል።

«ሲስተር» አለች።

ሲስተሯ እስክትደርስ ልጁ ሁለቴ ሳለ፣ አስመለሰው፣ ድምፁም ሻከረ። ዶክተሯ መጥታ ጭኑ ላይ መርፌ ወጋችው። እናትየው ደረቱን እያየች ትንፋሹን ትቆጥር ነበር። ደቂቃዎች ሲያልፉ ትንፋሹ ረጋ፤ እብጠቶቹም መክሰም ጀመሩ።

ከዚያ ሲስተሯ ፎርሙን ይዛ መጣች። የመጀመሪያው ምልክት በስንት ሰዓት እንደታየ ጠየቀች። እናትየው አራት ሰዓት ከአርባ አምስት አለች። ሲስተሯ ጻፈች።

«አይደለም» አለ አባትየው ወለሉን እያየ። «ከሦስተኛው ማንኪያ በኋላ ነው። ያኔ አንዲት ብቻ ነበረች። የተቧጠጠ መስሎኝ…»

«መስሎህ ነው ኮፍያ ያለበስከው?»

አባትየው ኮፍያውን አንስቶ አጣጠፈው።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች ቀስ ብላ።

«ሰኞን እያሰብኩ ነበር» አለ።

ሲስተሯ ቀና ሳትል የጻፈችውን ሰርዛ አስተካከለች። ዶክተሯ ደግሞ እንቁላል ለአንድ ዓመት እንደሚከለከል፣ ከዚያ ምርመራው እንደሚደገም ነገረቻቸው። ልጁ እስከ ማታ እዚሁ ይቆያል። ቤት የሚቀመጥና እንዲህ ሲያደርገው ወዲያው የሚወጋ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌም አዘዘች። ሲስተሯ ለመለማመጃ የሚሆን፣ መርፌ የሌለው አንድ አመጣችና ቀን ቀን ከልጁ ጋር ማን እንደሚውል ጠየቀች።

እናትየው ባሏን አየችው። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጠረጴዛዋ ላይ መገኘት አለባት። ሌላ ሰው የላቸውም።

«አባቱ» አለች።

አባትየው መለማመጃውን ተቀብሎ የራሱ ጭን ላይ ተጫነው፤ እስከ አስር መቁጠር ሲገባው በአራት አነሳው። ሁለተኛው ላይ ጫፉን ገለበጠው። ሦስተኛው ትክክል ነበር፤ ሲስተሯም ይበቃል ብላ እጇን ዘረጋች።

«ድገመው» አለች እናትየው።

ደገመው።

«ድገመው። ቆጠራውን ልስማው።»

ከፍ አድርጎ ቆጠረ። እሷ የምታየው እጁን ነበር።