ገመድ ላይ የተሰጣው ፓስፖርት

ቶይባ ቤሩት አምስተኛ ፎቅ ላይ የምታሰጣው ልብስ የሚደርቀው ባቲ ነው። ጠዋት የአሠሪዋን የማዳምን አንሶላ በረንዳው ገመድ ላይ በመቆንጠጫ አስይዛ ትገባለች፤ ከሰዓት ልታነሳው ስትወጣ የሚጠብቃት የእናቷ ቤት ልብስ ነው። መጀመሪያ የመጣው የአባቷ ሽርጥ ነበር። አጥፋ አስቀመጠችው።

ልብሱ ደግሞ የዛሬ አይደለም። ወንድሟ አሁን ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ነው፤ የመጣው ግን የአንደኛ ክፍል ሸሚዙ፣ ደረቱ ላይ እስክሪብቶ የፈሰሰበት፣ ያኔ ቶይባ ራሷ በሎሚ ብትፈትገው ብትፈትገው እምቢ ያላት። የእናቷ ሻሽ መጣ፤ አደስ አደስ ይላል። ሰኞ፣ የገበያው ዕለት፣ የሚመጣው ሁሉ አቧራ የጠጣ ነው፤ ግመል ግመል ይሸታል። ቶይባ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ ታደርግና ሻሹን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ትቀመጣለች። እዚያ ውስጥ አጥሩ ገና ቁልቋል ነው፣ አባቷ በሕይወት አለ፣ ከቤቱ ማንም የትም አልሄደም።

እናቷ በበኩሏ በስልክ ነገረቻት። አጥሩ ላይ ጠርዙ ዳንቴል የሆነ አንሶላ ተሰጥቶ ይገኛል፤ የማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ጎረቤቱ ሳይጠሩን ሰርግ ደገሱ ብሎ አኩርፏል።

ፊት ለፊት ባለው በረንዳ ላይ እትዬ ደርብነሽ አለች። የመንዝ ሰው ናት፤ ቤሩት የገባችው የዛሬዎቹ ልጆች ሳይወለዱ ነው። የሕንፃውን ገበና ከገመድ ላይ ታነባለች፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው ባል ለብቻው መተኛት እንደጀመረ በአንሶላው ታውቃለች። የአገሩን ሕግ ለአዲስ መጪዎች የምታስተምረውም እሷው ናት። ማዳም ሳትፈቅድልሽ ከበር ከወጣሽ ኮበለለች ትባያለሽ። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ሳትይዢ መንገድ ላይ ከተገኘሽ እስር ነው። ፓስፖርትሽ ደግሞ ማዳም ዘንድ ነው። የአንሶላውን ነገር ስትሰማ አልገረማትም።

«እቱ፣ እዚህ አገር ዕቃ ሲጠፋ ሌባው ቀድሞ ይታወቃል» አለቻት።

እንዳለችውም ሆነ። ማዳም ክፉ አልነበረችም፤ ደግም አልነበረች፤ የምታምነው ኪሷን ብቻ ነው። የቶይባን ፓስፖርት ከቤት ጋዋኗ ኪስ አውጥታው አታውቅም፤ ስትተኛም ለብሳው ነው። አንሶላዎቹ ማለቃቸውን ስታይ አልጮኸችም። ነገ ፖሊስ ይመጣል፣ ወይ አንሶላዬ ወይ እስር ቤት፣ አለችና ሻይዋን አነሳች። ስኒው አምልጧት ሻዩ ጋዋኗ ላይ ተደፋ። አውልቃ ወረወረችላት። በንዴቷ ኪሱን ረሳችው።

ቶይባ ፓስፖርቱን አውጥታ ከበረንዳው ለደርብነሽ አሳየቻት። ደርብነሽ ይዘሽው ጥፊ አላለችም፤ መንገዱን ታውቀዋለች። ቅሪም አላለች። ቶይባ ጋዋኑን አጠበች፣ ፓስፖርቱን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተች፣ ገመዱ ላይ አሰጣችው። ከሰዓት ስትወጣ ጋዋኑም ፓስፖርቱም የሉም።

በማግስቱ የመጣው ፖሊስ ጨዋ ሰው ነበር፤ ጫማውን ጠርጎ ገባ። አስቀድሞ ፓስፖርቷን ጠየቀ። ማዳም የሌለ ኪሷን ዳበሰች። ፖሊሱ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ የቶይባን ስም ተናገረ፣ አዳመጠ፣ አመሰገነና ዘጋ።

«ፓስፖርቷ አገሯ ገብቷል» አለ። «ሰው ያለው ፓስፖርቱ ያለበት ነው። እዚህ የሌለች ሴት እዚህ ልትሰርቅ አትችልም።»

«ይቺው ቆማለች እኮ» አለች ማዳም።

ፖሊሱ ቶይባ ከቆመችበት በኩል አየ። «ግድግዳው ደህና ነው» ብሎ ተሰናብቶ ወጣ።

ማዳም ሕግ አክባሪ ናት። ከዚያ ወዲያ ቶይባን አላየቻትም። የቀረበላትን ሩዝ በላች፤ ማን እንደሠራው አልጠየቀችም። ቶይባ በሩን ከፍታ ደረጃውን ወረደች፤ የሕንፃው ጠባቂ ቀና አላለም። መንገድ ላይ ፖሊሶች ኢቃማ ይጠይቃሉ፤ በመካከላቸው አለፈች። ከመጣች ጀምሮ ከሩቅ ስታየው የኖረችውን ባሕር ሄዳ በእግሯ ነካችው። ሞቃት ነበር።

ተመልሳ ከበረንዳው ደርብነሽን ተጣራች። ደርብነሽ አሻግራ ገመዱን አየች፣ ባዶውን በረንዳ አየች።

«ምነው መድረሷን እንኳ ብትደውልልኝ» ብላ አጉረመረመችና ገባች።

ቶይባ ለእናቷ ደወለች።

«እማ፣ ተረፍኩ» አለቻት።

«ድምፅሽን ቀንሺ እቱ» አለች እናቷ በሹክሹክታ። «ልጄ ከዐረብ አገር ገብታ፣ ደክሟት ተኝታለች። ማን ልበል?»

ከእናቷ ድምፅ ኋላ ጠፍር አልጋው ሲጢጥ አለ። አንድ ሰው ተገላበጠ፣ አዛጋ።

«እማ፣ ማነው የደወለው?» አለ፣ በራሷ በቶይባ ድምፅ።

«ማንም አይደለም፤ ተኚ» አለች እናቷ፣ ድሮ ቶይባን ስታስተኛ በምታወጣው ድምፅ።