በብብት የቀረ ኪኒን

አድማሴን የሰደበው ዳኛው የሚባለው የገዛ ሚስቱ ወንድም ነው። ዘመኑ ሐምሳ አንድ፣ ቀኑ የኅዳር ሚካኤል፣ ቦታው ኮሶዬ፣ ታቦቱ ገብቶ ሰው ለጠላ በተቀመጠበት። የአድማሴ ልጅ ጽጌሬዳ ለቅዳሴው ስትል ኪኒኗን ሳትውጥ ውላ ነበር። ዋንጫ ስታቀብል ጣቶቿ እንደ ጭልፊት ጥፍር ተቆለመሙና ጠላው ተደፋ።

«አያ አድማሴ» አለ ዳኛው፣ «እንቅርቷን ለሐኪም አሳርደህ ጋኔኑን በቀዳዳው አስገባህባት።»

ሰው ሳቀ። አድማሴ የሳቁትን አንድ በአንድ አያቸው። ሆዱ ለቂም ጎተራ ነበር።

ነገሩን አጥቶት አይደለም። እንቅርቷ በወጣ ሰሞን ጎንደር ላይ እንዲሁ ሲያደርጋት፣ ጌታው የሚባል የሐኪም ቤቱ ድሬሰር በደም ሥሯ መርፌ ሰጥቷት እጇ ዓይኑ እያየ ተፈታ።

«ካልሲየም ይባላል» ብሎት ነበር ጌታው። «ከአጥንታችን ያለው ነው። ከደም ሲጎድል ነርቭ ልጓም እንደሌለው በቅሎ ይሆናል። የሚጠብቀው ዕጢ ከእንቅርቱ ጋር ወጥቷልና ኪኒኑን አንድ ቀን እንዳታስተጓጉል።»

አድማሴ ዳዊት ደግሟል፣ አስኳላም ትንሽ ቀምሷል፤ ይህን ለዳኛው መንገር አያቅተውም። ግን ማን ሊሰማው? ጋኔን ካለ በጠበል ይለፈልፋል፤ ካልለፈለፈ ዳኛው ይፈር። ልጁን ይዞ ሱባኤ ገባ።

አጥማቂው አባ ወልደኢየሱስ ገና ከበሩ ጠየቁት።

«መድኃኒት ላይ ናት? ጠበልና መድኃኒት አንድ ላይ አይሆንም። ከሆነች ይዘሃት ተመለስ።»

«አይደለችም» አለ። ኪኒኑ በብብቱ ነበር።

ሱባኤው ሊያልቅ ሲል ጽጌሬዳ እጁን ያዘችው። «አባዬ፣ ከንፈሬን ጉንዳን ወረረኝ። አንዲቷን ብቻ ስጠኝ።»

«ታገሽ ልጄ። ነገ እኮ ማብቂያው ነው። ያ አፈ ሰፊ አፉን ይይዛል።»

በማግስቱ ጠበሉ ሲወርድባት ተገትራ ወደቀች። ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ቀጠነ። ሴቶቹ ክብሪት ጭረው ጭሱን አሸተቷት። «ማን ነህ? ተናገር» ይላል ሰው። የተናገረ የለም። አድማሴ ኪኒኑን አውጥቶ መንጋጋዋን ሊፈለቅቅ ታገለ፤ አልከፈት አለው። ኋላ ፉጨቱም ቆመ።

በቀብሯ አፈሩ እንደተመለሰ ዳኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዓይኑ ከልቅሶ አብጦ መጣ።

«ሸጋ ልጅ ነበረች» አለ። «ምነው አያ አድማሴ፣ ኪኒኑ ደህና ይዟት አልነበር? ምን ጠበል አስኬደህ? በእኔ ነገር እንዳትለኝ። እኔ እኮ የዚያን ለት ለጨዋታ ነው።»

አድማሴ በብብቱ ያለውን ኪኒን እንደጨበጠ ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በመቃብሮቹ መካከል ወደ በሩ ሄደ።