ከድልድዩ ሰሌዳ አጠገብ የቆሙት ሰው

በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ተቀምጬ የመታሰቢያ ሰሌዳዎችን ፎቶ በድረ ገጽ የማሰባስበው እኔ ነኝ። ሰዎች በየመንገዱ ያገኙትን የድንጋይም የነሐስም ሰሌዳ አንስተው ይልካሉ፤ እኔ ጽሑፉን ገልብጬ፣ ቦታውን ካርታ ላይ አመልክቼ እለጥፋለሁ። ፎቶው ውስጥ ሰው ካለ ቆርጬ አወጣለሁ፤ ደንባችን ነው። ባልደረቦቼ «መቀስ» ይሉኛል። ይበሉኝ። ሰሌዳ አንሱ ሲባል አክስታቸውን ከነቦርሳዋ የሚልኩትን ማን ይታገሣቸዋል?

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት አሮጊት ደወሉ። የአሮጌውን ድልድይ ሰሌዳ ፎቶ የላኩት እሳቸው ናቸው። አጠገቡ የቆሙት ባለቤታቸው ነበሩ፤ ፎቶው ከተነሳ ሁለት ወር ሳይሞላ ዐርፈዋል። ፎቶው የነበረበት የሴትየዋ ስልክ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ተሰረቀ። ሰውየው ፎቶ የሚባል ነገር ስለማይወዱ ሌላ የለም። ሴት ልጃቸው ድረ ገጹን ከፍታ ስታሳያቸው ያገኙት ሰሌዳውን ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ዋናውን ፎቶ ከቆረጥኩ በኋላ የመጣል ልማድ አለብኝ። ስልኩን ሳልዘጋ የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫት ማገላበጥ ያዝኩ። ዕድሜ ለስንፍናዬ፣ ለወራት ባዶ አላደረግሁትም ኖሮ ሰውየው ተገኙ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ድልድዩን ራሳቸው የሠሩት ይመስል ቆመዋል።

ዛሬውኑ ለልጃቸው እንደምልክ ነገርኳቸው።

«ላኪልኝ፤ ግን እኔ ዘንድ ዕቃ አይበረክትም፣ ልጄ። እናንተም ጋ ይቀመጥልኝ?»

ደንቡን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለነገሩ ደንቡም ቀዳዳ አለው፦ የሰሌዳው መጠን እንዲታወቅ አጠገቡ መለኪያ ማቆም ይፈቀዳል። ብዙዎች ማስመሪያ ወይም ጃንጥላ ያስደግፋሉ። ሰው መለኪያ አይሆንም የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

የባለቤታቸውን ቁመት ጠየቅኋቸው። ለምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ሳቁ።

«እውነቱ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት ነው። እሱ ግን ሰባ ሁለት ነኝ እንዳለ ሞተ።»

እኔ አንዲት ሴንቲ ሜትር እንኳ ሳላጣራ ለጥፌ አላውቅም። በዚህ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ።

«የቱን ልጻፍ፣ እማማ?»

«የሱን።»

ሙሉውን ፎቶ ድረ ገጹ ላይ መለስኩና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ለመጠን ማነጻጸሪያ አጠገቡ የቆሙት ሰው ቁመት፣ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት።»