ከአሥር በታች

የትምህርት ቤቱ አማካሪ መጠይቁን ለሁለት መቶ ልጆች አስሞልታ ስትጨርስ ወገቧ ተቆርጦ ነበር። ጥያቄዎቹ ሃያ ናቸው፤ «ስልክ ሲወሰድብህ ትናደዳለህ?»፣ «ተደብቀህ ታያለህ?» ዓይነት። ከሃምሳ ነጥብ በላይ ያመጣ ልጅ የስልክ ሱስ ይዞታል ይባላል። የወንድሟ ልጅ፣ የአሥር ዓመቷ ሚጡ፣ ያመጣችው ሰባት ነው።

ወንድሟ ይህን ሲሰማ ፈነደቀ። «አየሽ፣ አንቺ ነሽ ነገር የምታካብጂው» አላት።

«እንግዲያው ቅዳሜ ጠዋት ስልኳን ወስደህ እስኪመሽ አቆይልኝ።»

«ለሰባት ነጥብ?»

«ለእኔ ስትል።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደወለላት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም፤ ስልኩን ዝም ብላ ሰጥታው ክፍሏ ገብታለች። «ጨዋ ልጅ ነው እግዜር የሰጠኝ» እያለ ሳቀ። አማካሪዋን ግን ዝምታው አላማራትም። ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታስር ወጣች።

ወንድሟ ቤት፣ የልጅቷ ክፍል በር ላይ ስትደርስ ግድግዳ ሲፋቅ ሰማች። ሚጡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ትገፋለች፤ ደግማ፣ ደጋግማ፣ ያለ እረፍት። ነጩ ቀለም ላይ ቡናማ መስመር ወጥቷል። ደም ነበር።

«ሚጡዬ፣ እስቲ እጅሽን ስጪኝ።»

«ትንሽ ቆዪ፣ አክስቴ» አለች ዓይኗን ሳትነቅል።

አባቷ ከኋላ መጥቶ ግድግዳውን ሲያይ ክው አለ። ጣቷን አጥበው አሰሩላት። የሌላኛው እጇ አውራ ጣት ወዲያው ጉልበቷ ላይ ሥራውን ጀመረ።

«ታዲያ መጠይቁ ላይ ለምን እንዲያ መለስሽ?» አለቻት አክስቷ።

«መልሱ ስልክ ላይ አለ። ከአሥር በታች ያመጣ ስልኩ አይወሰድበትም ይላል። ለጓደኞቼ ላክሁላቸው፤ እነሱም ለሌሎቹ ላኩ።»

ሰኞ አማካሪዋ ከሁሉም ቀድማ ቢሮዋ ገብታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሰባት። ስድስት። ሰባት። ሰባት። መቶ አርባዎቹ ከአሥር በታች ናቸው። «ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው» የሚለውን ደብዳቤ ደግሞ አስቀድማ ፈርማ ለወላጆች ሁሉ ልካለች።

ውጭ ዘበኛው እንደ ወትሮው የተማሪዎቹን ስልክ በሣጥን እየተቀበለ ያስገባቸዋል። የሚያጉረመርም የለም፤ ተሰልፈው ጸጥ ብለዋል። ወደ በሩ ወረደች።

«እጃችሁን አሳዩኝ» አለቻቸው።

ከፊት የነበሩት ሦስት ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ።