የደጉ ቁርስ

አማቴ አልጣሽ ከኩታበር ደሴ ድረስ የመጣችው ልጄን ልትወስድብኝ ነው። በአፏ «ናፍቃችሁኝ ነው» አለች። የናፈቀው ሰው ግን አዲስ አንቀልባ ይዞ አይመጣም። ቆዳው በደንብ የለፋ፣ ማንገቻው ገና ላብ ያልነካው አንቀልባ ከጓዟ ሥር ሲወጣ አየሁ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አውቄዋለሁ።

ፊት ለፊት «እርስዎ» እላት ነበር። የባሌ እናት ናትና ግዴታዬ ነው። ስለሷ ሳወራ ግን «እሷ» ብል የሚከለክለኝ የለም።

ጣልያን ደሴን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ባሌ እንየው ኮምቦልቻ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢመጣ ነው። እኔና የሁለት ዓመቱ ደጉ በአንዲት ክፍል እንኖራለን፤ በግድግዳው ወዲያ ማዶ ጎረቤቴ ሐዋ አለች። ደጉን ጡት ካስጣልኩት ሦስት ወሩ ነው። ጧት ጧት የሰጠሁትን ይበላ ነበር። ብዙ ባይሆንም ይበላ ነበር። ቁርስ እምቢ ማለት የጀመረው አልጣሽ በመጣች በሦስተኛው ቀን ነው።

የገና ጾም ገብቷል። አልጣሽ ገና ጓዟን ፈትታ ሳትጨርስ ጓዳዬን ስትበረብር ለደጉ ያስቀመጥኳትን ቅቤ አገኘች።

«በጾም፣ ክርስቲያን ቤት ውስጥ ቅቤ?»

«ለልጁ ነው እማማ። ሕፃን ልጅ አይጾምም።»

«ልጁ አይጾምም፤ ማሰሮሽ ግን ይጾማል፣ ማማሰያሽ ይጾማል። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንዲት ጾም ገድፌ አላውቅም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም። ቅቤ ካለበት ቤት እህል አልቀምስም።»

ቅቤዬን በትንሽ ሸክላ እንዳለች ለሐዋ አስቀምጪልኝ ብዬ ሰጠኋት። እንዳይነካካ ላይዋን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። የአልጣሽ የራሷ ቅቤ ግን በትንሽ ቅል ሆና መቀነቷ ሥር ቀረች። ምነው ብላት «ይኼ ለጠጉሬ ነው» አለችኝ። ጠጉር አይጾምማ!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳምንት አልረሳውም። ሰኞ ጧት ከምንጭ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ገንፎ አገነፋሁለት፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ የኑግ ዘይት ጨመርኩበት። ደጉ አንዴ አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ማክሰኞ ቂንጬ ሠራሁ፤ ልጅ የሚበላው ሲላላ ነው ብዬ ውሃውን አበዛሁ። እጄን ገፋው። ረቡዕ ቂጣ ጋግሬ ትኩሱን በጣጥሼ፣ በርበሬ ለቀለም ያህል ነክቼ ጨጨብሳ አደረግኩለት። አንዷን ቁራሽ አንስቶ ለዶሮ ወረወረ። ሐሙስ ድንች ቀቅዬ ደቁሼ ተልባ ጨመርኩበት። ልጅ በጧት ብዙ አይፈልግም፣ የእጁን ጭብጥ ታህል ነገር ትበቃዋለች፤ ይህን ማንም እናት ያውቃል። የኔ ልጅ ግን ያቺንም እምቢ አለ።

በእያንዳንዷ ጧት አልጣሽ ከመደቡ ጥግ ተቀምጣ፣ መቁጠሪያዋን እያዟዟረች ታየኛለች። አንድ ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት? አትልም።

«ጨው በዛበት።» «ቀጠነ።» «እጅሽ ቀዝቅዟል፣ ልጅ የቀዘቀዘ እጅ አይወድም።»

ሐሙስ ዕለት ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ያዢልኝ፣ ልጋተው።»

አገሬ ውስጥ ልጅ ሲጋት አይቻለሁ። አፍንጫውን ይዘው፣ በመዳፋቸው ወደ ጉሮሮው ሲያንቆረቁሩለት፣ ዓይኑ ሲገለበጥ። የታላቅ እህቴ ልጅ ሲጋት ወደ ሳንባው ገብቶበት ሦስት ቀን አልቆየም።

«ልጄን የሚግት ሰው እኔን ቀድሞ ይገላል» አልኳት።

«ትገዪዋለሽ አንቺ፣ በረሃብ።»

«ቀን ይበላል። ማታ ይበላል።»

«ጧት እጅሽን እየገፋ ቀን የሚለቃቅመውን መብላት ትዪዋለሽ? ቅዳሜ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። አባቱ በዓይኑ አይቶ ይፍረድ። እኔ ኩታበር ወስጄ አሳድገዋለሁ፤ እንየው እንደሆነ አንቺ ያልሽው ይሁን ይለኛል።»

እንየው ደግ ሰው ነው፤ እናቱ ያለችውን ግን ሽሮ አያውቅም። «የሚበላው ካጣ እሷ ትውሰደው» ካለ አለቀ፤ ልጄን በዓመት አንዴ ለጥምቀት የማየው ዘመድ ሆኜ እቀራለሁ።

አርብ ጧት የደጉን ልብስ ሳወልቅ ከአንገቱ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ አገኘሁ። እኔ ዳቦ አልጋገርኩም። አፉን አሸተትኩት፤ ቅቤ ቅቤ ይላል። ቅቤው አልደነቀኝም፣ ከአያቱ ጉያ ነው የሚያድረው፣ ጠጉሯን ትቀባለች አልኩ። ፍርፋሪው ግን ከየት መጣ?

አልጣሽ ከመደቡ ላይ ሆና «ያቺ ጎረቤትሽ ረመዷን ይዛ የለ?» አለች። «ገና ሳይነጋ ዕቃ ስታንኳኳ እሰማለሁ። አንቺ ምንጭ ስትወርጂ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አሮጊቷ ተኝቼ ምን አውቃለሁ?»

ያን ዓመት የገና ጾም መጀመሪያ ከረመዷን መጨረሻ ጋር ተገጣጥሞ ነበር። ሐዋ ሳይነጋ ለሚበላው ለሱሁር ትነሳለች። ቅቤዬም እሷ ጋ ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ፤ ደሜ ፈላና ደጃፏ ላይ ሄጄ ቆምኩ።

«ሐዋ! ልጄን በሱሁር ምን እያበላሽው ነው ጧት አፉን የሚዘጋብኝ? ልጄን ልታስወስጂብኝ ነው?»

ሐዋ ከንፈሯ በጾም ደርቋል። ለአፍታ የሰማችውን ያላመነች መሰለች።

«ወላሂ የኔነሽ፣ ልጅሽ ደጃፌን አልረገጠም። ረመዷን ይዤ ልዋሽሽ? አላህን አትፈሪም?» ገባችና ሸክላዋን ይዛ ወጣች። «ቅቤሽ ይኸው። ጣትሽ እንዳለ ነው፣ እይው። ውሰጂልኝ!»

የአውራ ጣቴ ምልክት እውነትም ቅቤው ላይ እንደተቀረጸ ነበር። አየሁት። ማየት ግን አልፈለግኩም።

«አልወስድም፤ አንቺው ደህና አድርገሽ ላሺው» አልኳት።

በሯን ዘጋችብኝ። አራት ዓመት እሳት አብራኝ የተጫጫረችውን ሴት ነው እንዲህ ያልኳት፤ እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ቅዳሜ ጧት ምንጭ አልወረድኩም። ደጉ ሳይነቃ በጋቢ አዘልኩት። አልጣሽ አንቀልባዋን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«ስጪኝ፣ በዚህ ላዝለው።»

«ልጄን እኔ አዝላለሁ።»

የጣልያን ካሚዮን አቧራውን እያለበሰን፣ ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ደጉ መንገድ ላይ ነቅቶ ያለቅስ ጀመር። አልጣሽ ከኋላዬ አልተለየችም። «አውርጂውና ትንሽ ልያዘው» ትላለች፣ አሁንም አሁንም። ድምፅዋ ልመና ልመና ሲል ሰማሁት፤ ልመናዋ ይበልጥ አናደደኝ። አንዴም አልሰጠኋትም። ከእልህ በቀር ምክንያት አልነበረኝም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ረፍዷል። እንየው ከሠራተኞቹ ቆርቆሮ መጠለያ ወጣ፤ ቅንድቡ ሳይቀር በድንጋይ ብናኝ ነጥቷል። በእጁ ያደረ ፉርኖ ዳቦ ይዟል፤ እንደሚፈልጠው ድንጋይ የጠጠረ። ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ አልጣሽ ቀደመችኝ።

«እንየው፣ ልጅህ እህል ትቷል። ሚስትህ ማብላት አልቻለችም። ሳምንት ሙሉ በዓይኔ አየሁ። ፍረድ።»

እንየው መልስ ለመስጠት አልደረሰም። ደጉ ከጀርባዬ ላይ ተንጠራርቶ ዳቦውን ከአባቱ እጅ ነጠቀ። ነከሰው። አልሰበርልህ አለው። በምራቁ አረጠበና እንደገና ነከሰው። እንየው ሳቀ፤ ዳቦውን ተቀብሎ በጣሳ ሻይ ነከረና ቆርሶ ሰጠው። ደጉ ያንን ጨርሶ ሌላ ጠየቀ፤ ሌላውንም ጨረሰ። ልቤ ከደስታ ብዛት ልትወጣ ደረሰች። ሳምንት ሙሉ ገንፎ ላገነፋሁት፣ ድንች ለደቆስኩት ለኔ፣ በሻይ የራሰ የጣልያን ዳቦ አሸነፈልኝ።

«እህል ትቷል ያላችሁኝ ልጅ ይኼ ነው?» አለ እንየው።

ደጉ ሲጠግብ ከጀርባዬ ወረደና አያቱ ዘንድ ሄደ። አልጣሽ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ወጣ። ከዚያ ሁለት ጣቱን ወደ አፏ አስገብቶ ከንፈሯን ይፈለቅቅ ጀመር።

አልጣሽ ጥርሷን ነከሰች። ደጉ ጉንጯን በመዳፉ መታ አደረጋት። «አም!» አላት። «አም!» አንገቱን ቀና አድርጎ አፉን ከአፏ ሥር ከፈተ፤ የለመደ ሰው እንደሚጠብቅ ጠበቃት።

እንየው ነገሩ አልገባውም። እኔ ግን ገባኝ። ጥርሱ ላልጠና ልጅ አኝኮ ማጉረስ በአገራችን ያለ ነው፣ እናቴም አድርጋልኛለች። ደጉ ማንም ሲያኝክለት ሳላይ ይህን ከየት ተማረው?

«እማማ፣» አልኳት፣ «የሚያጎርሱት እኔ ምንጭ ስወርድ ነው?»

የደጉን ጣቶች ከከንፈሯ አነሳች።

«ዳቦውን ከኩታበር አምጥተዋል። በምን ነው የሚያለሰልሱለት?»

እጄን ሰድጄ ቅሏን ከመቀነቷ ፈታሁ። ከግማሽ በላይ ጎድላለች። ያን ጊዜ ነው ራሷን ያየሁት። ሻሿ በመንገዱ ሸርተት ብሏል፤ ጠጉሯ ደርቆ ቆሟል። ሳምንት ሙሉ ቅቤ የሚባል ነገር አልነካውም። ዓይን እያለኝ እንዴት ይህን ሳላይ ቀረሁ?

«እማዬ፣» አለ እንየው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በጾም? አኝከሽ?»

«አዎ በጾም!» አልጣሽ ተነስታ ቆመች። ደጉ ቀሚሷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። «ቤቴ ባዶ ነው! ወንድምህ በላቸው ማይጨው ቀረ፤ አንተ እዚህ ድንጋይ ላይ ቀረህ። ጧት ስነሳ በስሙ የምጠራው ሰው የለኝም። የእናቱን እህል እምቢ ይል እንደሆን፣ ለኔ ትሰጠኛለህ አልኩ። ኃጢአት ነው፤ ለንስሐ አባቴ እኔው እነግራቸዋለሁ።» ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ደርቋል። «አምሳ ዓመት ያልገደፍኩትን ጾም ለእሱ ገደፍኩ። አንቺስ? አንቺ ምን ገደፍሽለት?»

ልጄን ከቀሚሷ ላይ አላቅቄ ወሰድኩ። እንየው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቱን ቃል ሻረ። «ልጁ ከእናቱ ጋ ይሆናል» አላት። አልጣሽ አንቀልባዋን አጣጥፋ በብብቷ ያዘችና ዳገቱን ብቻዋን ተያያዘችው። ላሳዝናት አልፈለግኩም፤ ላዝንላትም አልፈለግኩም። ሰው ልጄን ሊቀማኝ መጥቶ ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ደስ ይላል፤ ደስ አለኝ።

እሁድ ደሴ ስመለስ ጓዟን ጠራርጋ ሄዳለች። እነሐዋ ኢድ ላይ ነበሩ፤ በሯ ክፍት፣ ሳቁ ይሰማል። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ አፌ ውስጥ ትንንሽ ጣቶች ገብተው ቀሰቀሱኝ። ደጉ ነው። ከንፈሬን ይፈለቅቃል። «አም!»

«ቆይ፣ ገንፎ ልሥራልህ።» ማልቀስ ጀመረ። ከማታ የተረፈችውን እንጎቻ በዘይት አሽቼ ሰጠሁት፤ ወረወራት። እሺ ብዬ አኘክሁለት። ተቀበለኝ፣ አጣጣመው፣ ተፋው። ጣቱን መልሶ ከተተ። ያጣውን ነገር እኔ አፍ ውስጥ ይፈልጋል። ለቅሶው ወደ ሲቃ ሲለወጥ የአልጣሽ ድምፅ መጣብኝ። አንቺ ምን ገደፍሽለት?

አዝዬው ወጣሁና የሐዋን በር አንኳኳሁ።

«ሐዋ፣ በደልኩሽ። አውፍ በይኝ። ቅቤዬን ስጪኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ሱሁር እንኳ አልቋል» አለችኝ፤ ነገሬን አልረሳችም። ከዚያ ገብታ ሸክላዋን አመጣችልኝ። የአውራ ጣቴ ምልክት እንዳለ ነው።

እዚያው ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። በምልክቱ ላይ ጣቴን መልሼ አስገባሁ፤ ከእንጎቻው ጋር ወደ አፌ አደረግኩት። እኔም እስከዚያች ጧት አንዲት ጾም ገድፌ አላውቅም ነበር። ቅቤው ምላሴ ላይ ሲቀልጥ ጣፈጠኝ፤ አልጣሽን ያን ጊዜ እንደጠላኋት ጠልቻት አላውቅም። ደጉ አፉን ከፍቶ ይጠብቀኛል። አኘክሁና አጎረስኩት።