ዱካሞ ለዛምቢያ የጸለየው

"ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ አልኩህ እኮ!" አለች ከሱቁ ፍርግርግ ውጪ የቆመችው ሴት፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

እሁድ ነው፣ ዱካሞ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። የዛምቢያ ምርጫ ኮሚሽን የስድስት ወረዳ ውጤት አሁን ገና ለቋል። አራቱን ተቃዋሚው ፓርቲ ወስዷል፣ ሁለቱን ወንበር ላይ ያሉት ፕሬዚዳንት። እነዚያ ሁለቱ አበሳጩት።

"ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ይሄ?" አለ በሀዲይኛ። ዳቦውን በፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበላትና መልስ መስጠቱን ረሳው። ሴትየዋ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ ስትጮህበት ነው የባነነው።

ከሦስት ወር በፊት ዛምቢያን በካርታ አሳየኝ ብትሉት ጣቱን ታንዛኒያ ላይ ያሳርፍ ነበር። ዛሬ ግን የትኛው ክፍለ ሀገር የማን ደጋፊ እንደሆነ፣ የበቆሎ ዱቄት ስንት እንደገባ ሳይጠይቁት ይነግራችኋል። ፖለቲካ ወዶ መሰላችሁ? እቅጩን እንናገር ከተባለ፣ ቅናት ነው።

ነገሩን ያመጣው ኮሮና ነው። ሙሌንጋ የሚባል ዛምቢያዊ ልብስ ሰፊ፣ እዚህ ዳቬይተን በሚባለው የዙሉዎች ሰፈር ከዱካሞ ሱቅ ጎን ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ከግቢው ባለቤት ከአሮጊቷ ተከራየና ማስክ መስፋት ጀመረ። የዱካሞ ሚስት ፍሬገነት፣ "እኛ ጋ እንሽጥለት" አለች። ይሁን ተባለ። ማስክ ለማምጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? እሷ ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። አንድ ቀን ዱካሞ ጆሮውን ጥሎ ቢሰማ፣ ሚስቱ እንግሊዝኛም ዙሉም ባልሆነ ቋንቋ ታወራለች።

"በምንድን ነው የምታወሩት?" አላት ስትመለስ።

"ኛንጃ ነው፣ የአገሩ ቋንቋ። ትንሽ ትንሽ እችላለሁ።"

"ከየት ለመድሽው?"

"መንገድ ላይ።"

ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ፍሬገነትን ከሆሳዕና ያስመጣት በሽማግሌና በፎቶ ነበር። እሱ ራሱ ከአሥር ዓመት በፊት የመጣው በአውሮፕላን ነው፤ እሷ ስትመጣ ግን ያ በር ተዘግቶ ስለነበር ደላላ አገር ለአገር እያሻገረ በመኪናና በእግር አመጣት። በሁለት ወር ትደርሳለች የተባለችው በሰባተኛው ወር፣ አጥንቷ ወጥቶ ደረሰች። "መንገድ ላይ ቆየሁ" አለችው። "እንኳን ደኅና ገባሽ" አላትና ሥጋ ገዛላት። አለመጠየቁ ጨዋነት መስሎት ነበር።

ከሙሌንጋ ጋር ግን ታወራለች። አንዴ እዚያ ስታለቅስ አያት። ሌላ ጊዜ ስትስቅ አያት፣ እሱ ነው የባሰበት። ለእሱ እንዲያ ስቃለት አታውቅም! ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለው። እንዳይጣላ በእጁ የያዘው ማስረጃ የለም። እንዳያስወጣው ግቢው የእሱ አይደለም።

መድኃኒቱን ያቀበለው ሙሌንጋ ራሱ ነው። አገሩ ሳለ የተቃዋሚው ፓርቲ አደራጅ ሆኖ ተሳዶ የወጣ ሰው ነበርና ከምርጫው በፊት አንድ ከሰዓት፣ "ካሸነፍን በሳምንቱ አገሬ ነኝ" አለው እየሳቀ። "ካላሸነፍን፣ ማይ ፍሬንድ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ከጎንህ ንቅንቅ አልልም።"

"ታሸንፋላችሁ ግን?"

"መሪያችን አምስት ጊዜ ተወዳድሮ አምስቱንም ተሸንፏል።"

"አምስቱንም?" አለ ዱካሞ።

"ዘንድሮ ሌላ ነው። ወጣቱ በገፍ ተመዝግቧል። ኑሮው ሰዉን አንገሽግሾታል። የመዳብ ክፍለ ሀገራችን ኮፐርቤልት ወደኛ ካዘነበለች ፕሬዚዳንቱ አለቀላቸው።"

ዱካሞ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የፓርቲው ሰው ሆነ። አምስት ጊዜ የወደቀ ሰው ላይ ትዳሩን ማንጠልጠሉ እንቅልፍ ቢነሳው፣ በወረርሽኙ ምክንያት በስልክ በሚካሄደው የቤተ ክርስቲያን ኅብረታቸው ጸሎት ላይ ርዕስ አስገባ። "ለዛምቢያ ምርጫ እንጸልይ። ጌታ ለውጥ እንዲያመጣ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የኅብረቱ መሪ የወንጌላዊ ዱባለ ድምፅ ተሰበረ። "ወገኖች፣ እኛ ለሱቃችን፣ ለወረቀታችን ስንጸልይ፣ ወንድም ዱካሞ የአሕዛብን ሸክም ተሸክሟል!" አሉና ለኅብረቱ በሙሉ የሦስት ቀን ጾም አወጁ። ራቅ ያለው ሰፈር ጻካኔ ያሉት ሳይቀሩ ጾሙ። ዱካሞ ሦስት ቀን ሙሉ በባዶ ሆዱ ቺፕስ ሲሸጥ፣ "ጌታ ሆይ፣ ኮፐርቤልትን አደራ" ሲል ከረመ። ከዚያ ወዲህ ወንድሞች ሲደውሉ፣ "ሚሲዮናዊው" ይሉታል። ያፍራል፣ ግን ውጤቱን መከታተል አልተወም።

ያ እሁድ እንዲህ በስልክ ላይ አለቀ። ሰኞ ማለዳ፣ ሱቁን ገና ሲከፍት፣ ሙሌንጋ በካልሲው ግቢውን ሲዞር አገኘው።

"አሸነፍን! በሰፊው! ፕሬዚዳንቱ ይሄዳሉ!"

የዱካሞ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ዘሎ አቀፈው። እሱ የሁለት ራንድ ማስቲካ በነፃ ሰጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ፋንታ ከፍቶ አስጨበጠው።

"መቼ ነው የምትሄደው?" አለው።

"ሐሙስ።"

"ረቡዕ አውቶቡስ የለም እንዴ?"

ሙሌንጋ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ጥሩ ሰው ነህ" አለና ማሽኑን ሊፈታ ገባ።

ዱካሞ እየፏጨ ወደ ሱቁ ሲመለስ፣ ፍሬገነት የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፉጨቱ ቆመ። አለቀሰችለት! ሄደ ብሎ ደስ ያለው ለአምስት ደቂቃ ነበር፤ አሁን ያ እሳት እንደገና ውስጡ ገባ። ክፉ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት እጁን ያዘችው። ሁለት ዓመት ተኩል አብረው ሲኖሩ በጠራራ ፀሐይ እጁን ይዛው አታውቅም።

"ወንጌላዊ ዱባለ የጸሎቱን ርዕስ ማን እንዳመጣው ትናንት ነገሩኝ" አለችው።

ዱካሞ እጁን ሊስብ ሞከረ፣ አጠበቀችው።

"እኔ አንድ ቀን አልነገርኩህም። እዚያ በእንግሊዝኛ እየቀላቀልን ስናወራ ሰምተህ ኖሯል። ሰምተህ ምንም ሳትለኝ ሦስት ቀን ጾምክላት።"

"ለማን?" ሊል ነበር፣ እሷ ቀጠለች።

"ይኸው ሙሌንጋ አገሩ ሊገባ ነው። መቃብሯን ይፈልግልኛል" አለች እንባዋን በማስኳ እየጠረገች። "ዛምቢያ፣ እኛ በታሰርንበት እስር ቤት የሞተ ስደተኛ መቃብሩ ላይ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ሙሌንጋ፣ 'የአለምወርቅ' ብሎ ስሟን ያስጽፍላታል። ፎቶውን ለእናቷ እልካለሁ። ጸሎትህ ነው፣ ዱካሞ።"

የአለምወርቅ። ስሙን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ሚስቱ እስር ቤት እንደነበረችም ገና አሁን ነው የሚሰማው። ደግሞ ማፈሪያ ነው፣ በዚያች ሰዓት እንኳ ያዘነው ለሞተችው አልነበረም፤ ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም ብሎ ነው ያረረው።

ዝም ብሎ ራሱን ቢነቀንቅ ይበቃ ነበር። እጇ እጁ ላይ ነው፤ እንዲህ አድርጋ አይታውም አታውቅም። ግን ራሱን ከነቀነቀ እንደሚያውቅ ሰው ሊኖር ነው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይጠይቃል? ሙሌንጋ ሐሙስ ይሄዳል፣ የሚስቱን ሰባት ወርም ይዞ ይሄዳል፣ እሱ ዕድሜ ልኩን እንዳወቀ ሲያስመስል ይቀራል።

"ፍሬገነት" አለ። "እኔ የጸለይኩት ሰውየው እንዲሄድልኝ ነው። ቀንቼ ነው።"

እጇን ከእጁ ላይ አነሳች። ከፍርግርጉ ውጪ አንድ ሰው ሲጋራ ይጠይቃል፣ ሁለቱም ዞር አላሉም።

ዱካሞ ሌላ ሳጥን ሳበና ከፊቷ ተቀመጠ።

"አላውቃትም" አላት። "የአለምወርቅ ማናት?"